ማዳበሪያ ሙሉ ደረሰኝ

በዓለም ገና ለአነስተኛ ነጋዴዎች የቀረበ ዲስኩር

 

የጋበዙኝ ወጣቶች ስልክ ደውለው «ጋሼ፣ ስለ ግብር ንገሩን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ስለ ግብርማ የሚነግራችሁ መች ጠፋ! ሐምሌ በመጣ ቁጥር ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ሰፈር ለሰፈር ትዞራለች። በኋላ ግን ሐሳብ መጣልኝ። ግብር እንዴት እንደሚከፈል ትቼ፣ ሂሳባችሁን የሚይዝላችሁን ሰው እንዴት እንደምታገኙ ላውራ አልኩ። የዛሬው ርዕሴ ይኸው ነው። አነስተኛ ነጋዴ፣ እዚሁ ዓለም ገና፣ የሚታመን የሂሳብ ባለሙያ እንዴት ያገኛል?

አካሄዴን ላመልክታችሁ። በቅድሚያ ሰውየው ለምን እንደሚያስፈልግ እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ቀጥሎ ማን ምን ፈቃድ እንዳለው እለያለሁ። ከዚያ ወደ አመራረጡ እንሄዳለን። ክፍያውንም አልረሳሁትም፤ እናንተም እንደማትረሱት አውቃለሁ።

በአንድ ጆንያ ልጀምር።

ጥቅምት ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ከቡታጅራ መታጠፊያ ብዙም ሳይርቅ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ሰው የሂሳብ ቢሮዬ መጣ። ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያ ተሸክሟል። «ጋሼ፣ የዓመቱ ደረሰኝ ነው» ብሎ ወለሉ ላይ አጋደመው። አፉን ፈትተን ዘረገፍነው። ከደረሰኙ ጋር የጎበጠ ሚስማር፣ የኤሌክትሮድ ካርቶን ቁራጭ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ወረቀት አብሮ ወጣ። አንዱን ደረሰኝ አነሳሁ፤ ነጭ ነው። ሌላውን አነሳሁ፤ እሱም ነጭ። መነጽሬን ጠርጌ መስኮት አጠገብ ወስጄ አየሁት። እንደ ጥላ የቀረች አንዲት የብር ቁጥር አለች፤ ሰባት ትሁን አንድ ግን አይለይም። ሰውየው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ነጩ ሁሉ ብረት የገዛሁበት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔ አምኜዋለሁ። ግን እኔ ገቢዎች አይደለሁም።

የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለም እንደማይቀባ ስንቶቻችን እናውቃለን? ማሽኑ የሚጽፈው በሙቀት ነው። በሙቀት የተጻፈው ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው፣ ፌስታል ውስጥ ሲታፈን፣ ወራት ሲያልፉበት ይለቃል። ያ ሰው ደረሰኙን አልጣለም፤ አንድ ሳያስቀር አጠራቅሟል። ያጠራቀመው ግን ባዶ ወረቀት ሆኖ ጠበቀው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ዓመታዊ ሽያጩ ከፍ ብሎ በደረጃ ሀ ለተመደበ ግለሰብ ነጋዴ የትርፉ የላይኛው ክፍል ግብር የሚጣልበት በ35 በመቶ ነው። እንግዲህ አስሉት። የ100 ሺህ ብር ብረት የገዛችሁበት ደረሰኝ ነጭ ሆኖ ሲቀር፣ ያ 100 ሺህ ብር ወጪ መሆኑ ይቀርና በወረቀት ላይ ትርፍ ሆኖ ይቆጠራል። በዚያ ምክንያት 35 ሺህ ብር ትከፍላላችሁ። ላላገኛችሁት ትርፍ ማለት ነው። ደረሰኙ በተቆረጠበት ቀን በስልክ ፎቶ ቢነሳ ወይም ኮፒ ተደርጎ ከዋናው ጋር ቢታሰር ኖሮ ቢያንስ ምን እንደተገዛ፣ ከማን እንደተገዛ የሚታይ ነገር ይኖር ነበር። ሻጩንም ፈልጎ ለማስመስከር መነሻ ይሆን ነበር።

ሰውየው ሌባ አይደለም። ሰነፍም አይደለም፤ ከንጋት እስከ ማታ ሲበይድ ነው የሚውለው። ጥፋቱ ሂሳብ ሠራተኛ መፈለግ የጀመረው ጥቅምት 26 ቀን መሆኑ ነው። ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ለደረጃ ሀ ማሳወቂያው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። እነዚህ አራት ወራት የተሰጡት የተጻፈውን መዝገብ ለመዝጋት ነው። ያልተጻፈን ዓመት እንደ አዲስ ለመጻፍ አይበቁም፤ አራት ቀንማ ጭራሽ።

እንግዲህ ዛሬ ልላችሁ የመጣሁት ነገር ይህ ነው። ምሽቱን ሙሉ ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ። ሂሳብ ሠራተኛ የምትይዙት ገቢያችሁን እንዲደብቅላችሁ አይደለም፤ እንዲመሰክርላችሁ ነው። መዝገብ ምስክር ነው። ምስክር የሌለው ነጋዴ ሌላ ሰው በገመተው ይፈረድበታል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ 2009 ዓ.ም.ን የማያስታውስ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። የቀን ገቢ ግምት የሚያጠኑ ሰዎች ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» ይላሉ። አንዱ ፈርቶ ያሳንሳል፣ ሌላው ለጉራ ይጨምራል፣ ሦስተኛው «እሷ ናት የምታውቀው» ብሎ ወደ ሚስቱ ይጠቁማል። ገማቹም ዕቃውን፣ የሱቁን ስፋት፣ የመንገዱን ግርግር አይቶ ይጽፋል። ሐምሌ ላይ የተጻፈው ሲነገር የሆነውን ታውቃላችሁ። በጅማ መንገድ ወሊሶ፣ በቡራዩ በኩል በሚያልፈው መንገድ ደግሞ አምቦ ሱቆች ተዘጉ። አዲስ አበባ ውስጥም ቅሬታ አቅራቢው ብዙ ነበር፤ መንግሥትም በአንዳንድ ግምቶች ላይ ስህተት መኖሩን አምኖ ቅሬታ ተቀበለ።

ያን ጊዜ ስለ ግምቱ መብዛት ብዙ ተባለ፤ ተገቢም ነበር። እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላው ነው። ቅሬታ ለማቅረብ ከተሰለፈው ሰው ስንቱ እጅ ላይ ደብተር ነበር? «በቀን 3 ሺህ ብር ትሸጣለህ ተባልኩ፤ እኔ 800 እንኳ አልሸጥም» ይላል። «አሳየን» ሲባል የሚያሳየው የለውም። በሐቅ ከተነጋገርን ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ሕጉ ራሱ አነስተኛ ነው፣ ደረጃ ሐ ነው ብሎ ሲመድበው መዝገብ እንዲይዝ አላስገደደውም። ሸክም አቀለልንለት ብለው ምስክር ነሱት።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እቁብ የምትጥሉ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? አዳራሹ ሙሉ ነው። እድርስ የሌለው አለ? የለም። ታዲያ የእቁቡን ጸሐፊ አስቡት። ማን እንደጣለ፣ ማን እንዳልጣለ፣ ዕጣው ለማን እንደወጣ፣ ማን ዋስ እንደሆነ፣ ሁሉም በመስመር ተጽፏል። ሰው ሰኞ ያልጣለውን 500 ብር ማክሰኞ ይጠየቃል። የእድሩም ጸሐፊ እንዲሁ ነው፤ የድንኳኑን ካስማና የብረት ድስቱን ክዳን ሳይቀር ቆጥሮ ያስረክባል። በዚህ አገር መዝገብ የሚይዝ ሰው አልጠፋም። መዝገብ መያዝ ባዕድ ነገርም አይደለም። የሚገርመው ያው ለእቁቡ አንድ ብር የማያሳልፍ ሰው ለገዛ ሱቁ ደብተር የሌለው መሆኑ ነው። ለምን ቢባል፣ የእቁቡ ብር የሰው ነው፤ የሱቁ ብር ደግሞ የራሴ ነው ብሎ ያስባል። ከመሳቢያው ለምሳ ያወጣል፣ ለልጅ ደብተር ያወጣል፣ ለለቅሶ ያወጣል። ማታ ሲቆጥር የቀረውን ነው የሚቆጥረው፤ የሸጠውን አይቆጥርም።

ወደ ሕጉ ልመለስ፤ በአጭሩ። ያ ደረጃ ሐ የሚባለው በፌዴራሉ ሕግ ቀርቷል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ሁለት ደረጃ ብቻ ነው ያስቀረው። ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ ሀ፣ ከዚያ በታች የሆነ ደረጃ ለ። የደረጃ ለ ግብር የሚሰላው ከሽያጩ ላይ በቀላል ዘዴ ነው። ለደረጃ ሀ ደግሞ አማራጭ ዝቅተኛ ግብር የሚባል ነገር መጥቷል። «ዘንድሮ ከስሬያለሁ» ቢባልም ከሽያጩ 2.5 በመቶ የሚጠየቅበት ነው። በየዓመቱ ኪሳራ እያስመዘገበ ፎቅ ለሚሠራ ሰው የታሰበ ይመስለኛል፤ ግን እውነት የከሰረውንም ይነካል። ግለሰብ ነጋዴን የሚያስገብረው በሕገ መንግሥቱ መሠረት ክልሉ ስለሆነ፣ እናንተ ጉዳያችሁ ከኦሮሚያ ገቢዎች ጋር ነው። ዘንድሮ የተመደባችሁበትን ደረጃ ከሸገር ከተማ የገቢዎች ጽሕፈት ቤታችሁ በወረቀት ተቀበሉ፤ የጎረቤት ወሬ አትቀበሉ።

«ታዲያ ደረጃ ለ ከሆንኩ ሂሳብ ሠራተኛ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ይኖራል። ሽያጭህ 2 ሚሊዮን እንዳላለፈ በምን ታሳያለህ? ዛሬ ብዙ ሽያጭ የሚገባው በቴሌብርና በባንክ ሂሳብ ነው። እህትህ ከውጭ የላከችልህም፣ የወሰድከው የእቁብ ዕጣም፣ ለጓደኛህ ያበደርከው ሲመለስም በዚያው ሂሳብ ይገባል። አንድ ቀን የገቢዎች ሠራተኛ መጥቶ የባንክ ስቴትመንትህን ዘርግቶ «ይህ ሁሉ ሽያጭ ነው» ቢልህ፣ «ይቺ የእቁብ ናት፣ ይቺ የእህቴ ናት» ብለህ መስመር በመስመር የምትለየው በምንድን ነው? እንግዲህ ያልኳችሁ ምስክር እዚህም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልሻገር። ማን ማን ነው? እኛ አገር «ሂሳብ ሠራተኛ» የሚለው አንድ ቃል አራት የተለያዩ ሰዎችን ይይዛል፤ አምስተኛው ደግሞ ራሱን አስገብቷል።

የመጀመሪያው መዝገብ ያዥ ነው። በየቀኑ የሚጽፍ፣ ደረሰኝ የሚያስር፣ የማሽኑን የዕለት ድምር፣ ዜድ ሪፖርት የሚባለውን፣ የሚሰበስብ፣ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ የሚያስገባ። ከኮሌጅ በደረጃ 4 ወይም በዲግሪ በአካውንቲንግ የተመረቀ ልጅ ይህን ሥራ ይችላል። እንዲህ ያሉ ልጆች በዚህ ከተማ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ የናንተው ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ ነው። ቀድሞ ይህን ፈቃድ የሚሰጠው የዋናው ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነበር። በ2006 ዓ.ም. የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ከወጣ በኋላ ሥራው ወደ ኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ዞሯል። ቦርዱ ለባለሙያና ለኦዲተር ፈቃድ ይሰጣል፣ ይመዘግባል፣ ይቆጣጠራል። ከስማቸው ቀጥሎ «ኤሲሲኤ» ወይም «ሲፒኤ» የሚጽፉ አሉ። ኤሲሲኤ መቀመጫው ለንደን የሆነ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1904 የተጀመረ ማኅበር ነው፤ ፈተናውን እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጠው የሚፈተኑት ብዙ ናቸው፤ ከባድ ፈተና ነው። ሲፒኤ የአሜሪካም የኬንያም አለ። የምስክር ወረቀቱ ሙያውን ያሳያል፤ ለሕዝብ ቢሮ ከፍቶ ለመሥራት ግን የቦርዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለቱን አታምታቱ።

ሦስተኛው የተመሰከረለት ኦዲተር ነው። ሥራው መመርመር ነው። መዝገቡን ራሱ ጽፎ ራሱ ሊመረምረው አይችልም። «ሂሳብህንም ልሥራ፣ ኦዲትም ላድርግልህ፣ በአንድ ዋጋ» ካላችሁ ደህና ዋሉ በሉት። አነስተኛ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ኦዲተር የሚፈልገው ባንክ ወይም ጨረታ ሲጠይቀው ነው።

አራተኛው የታክስ ወኪል ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ፈቃድ ወስዶ ማሳወቂያ የሚያዘጋጅላችሁ፣ በናንተ ስም ጽሕፈት ቤቱ ፊት የሚቀርብ ሰው ነው።

አምስተኛው ጉዳይ ገዳይ ነው። እሱ ቢሮ የለውም፤ ቢሮው ገቢዎች በር ላይ ያለው ሻይ ቤት ነው። ስለ እሱ የምናገረው ከወሬ ሰምቼ አይደለም፤ ራሴ ተበልቼበታለሁ። አዎ፣ እኔ! ሠላሳ ዓመት የሰው ሂሳብ የሠራሁት ሰው። አንድ ክፍል ቤት አከራይ ነበርኩና የኪራዩን ግብር ለመክፈል መሰለፍ ታከተኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያደክምዎታል፣ ይስጡኝ» አለኝ። ገንዘቡን ሰጠሁት፤ ማኅተም ያለበት ወረቀትም አመጣልኝ፤ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። በሁለተኛው ዓመት ክሊራንስ ስጠይቅ ግብሩ ከነጭራሹ አልተከፈለም። ማኅተሙን የት እንዳስቀረጸው ፈጣሪ ይወቅ። ግብሩን እንደገና ከፈልኩ፣ ቅጣቱንም ከፈልኩ። ለባለቤቴ የነገርኳት ከሁለት ወር በኋላ ነው። አባቶቻችን «ግብር» ሲሉ ሰው የሚበላውንም ለመንግሥት የሚገባውንም ማለታቸው ነበር፤ እኔ በዚያ ዓመት ሁለቱንም አደረግሁ፤ አንዱን ለመንግሥት አገባሁ፣ አንዱን ያን ልጅ አበላሁ።

ከዚህ የተማርኩት ነገር ሕጉ ውስጥም አለ። ማሳወቂያው ቢዘገይ፣ ቢሳሳት፣ ቢጭበረበር፣ ግብር ከፋዩ እናንተ ናችሁ። በአዋጅ 983 መሠረት ማሳወቂያ ያዘገየ ሰው ካልተከፈለው ግብር ላይ 5 በመቶ እየታሰበ ቅጣት ይጨመርበታል፤ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። «ሂሳብ ሠራተኛዬ ነው» ማለት ይህን አያስቀርም። ሐሰተኛ ደረሰኝ ከሆነማ ጉዳዩ ከቅጣት አልፎ ወንጀል ነው። ደረሰኝ የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ስልክ ደውለው «የስንት ብር ይፈልጋሉ?» ይላሉ። በቲን ቁጥር ሲመሳከር ሻጩ የተባለው ድርጅት የለም፤ ወይም አለ፣ ግን ብረት ሳይሆን ጫማ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ባዶ ማሳወቂያ ላይ አትፈርሙ። የቲን ሰነዳችሁን ዋናውን አትስጡ። የኢ-ታክሱን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ሰው ሥራ ሲለቅ በዚያው ቀን ቀይሩት።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ለመስማት የመጣችሁለት ነጥብ፤ እንዴት ይመረጣል?

ሰው ሲጠይቅ እሰማለሁ። «ማን ነው ግብር የሚያስቀንስልኝ?» ይላል። ይህ ጥያቄ ቀጥታ ሻይ ቤቱ ጋ ያደርሳችኋል። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ባለፈው ዓመት መዝገቡ የተመረመረበት ሰው ማን ነው? ምርመራው እንዴት አለቀ? ሂሳቡንስ ማን ነው የያዘለት?» መዝገቡ ተመርምሮ በሰላም የወጣ አንድ ነጋዴ ከአሥር ማስታወቂያ ይሻላችኋል። ፈቃዱን ጠይቁ፤ ሕጋዊ ባለሙያ ሲጠየቅ አይቆጣም፣ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ከተጠራጠራችሁ ስሙን ይዛችሁ ቦርዱን ጠይቁ።

ከዚያ ሁለት ፈተና አለኝ፤ በነፃ ውሰዱልኝ። መጀመሪያ ቁጭ ስትሉ ምን እንደሚጠይቃችሁ አዳምጡ። «ስንት ነው መክፈል የምትፈልገው?» ካለ ተነሡ። ደህናው ሰው ነገር ያበዛባችኋል፤ የባንክ ስቴትመንት የታለ፣ የሰኔ 30 ቆጠራ የታለ፣ የቤት ኪራይ ውሉ የታለ፣ የሠራተኞች ደመወዝ ግብር በየወሩ ገብቷል ወይ እያለ ያሰለቻችኋል። ይህን አሰልቺ ሰው ያዙት።

ሁለተኛው ፈተና ክፍያ ስትሰጡት ነው። ደረሰኝ ጠይቁት። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ካለ፣ ለራሱ የሚያደርገውን ለናንተም ያደርግላችኋል። የገዛ ገቢውን የሚደብቅ ሰው የናንተን ገቢ ሊመሰክር አይችልም።

«አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ ወይም ቦሌ ካለ ትልቅ ቢሮ አይሻልም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ለአንዳንድ ሥራ ይሻላል። ለኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ለትልቅ አስመጪ፣ ሂዱ። ለሱቅና ለወርክሾፕ ግን ከአየር ጤና «ዓለም ገና፣ ሰበታ!» ብሎ በሚጮኸው ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው ወር ሙሉ ላታዩት ትችላላችሁ። ደግሞ አንድ የምንረሳው ነገር አለ። ከዚህ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚጻፍላችሁ ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ነው። ባለሙያችሁ ያንን አንብቦ የማይረዳ ከሆነ ግማሽ ባለሙያ ነው የያዛችሁት።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ደረሳት። አፋን ኦሮሞ አታነብም። «ልጄ ቅዳሜ ሲመጣ ያነብልኛል» ብላ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከጀበናው ጀርባ አስቀመጠችው። ልጁ ቅዳሜ አልመጣም፣ በሚቀጥለውም አልመጣም። ወረቀቱ የቡና ፍንጣሪ ይዞ እኔ ጋ ሲደርስ አርባ ቀን አልፎታል። በፌዴራሉ አዋጅ በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። ይግባኝ ሰሚው ኮሚሽን ጋ ለመሄድ ደግሞ 30 ቀን አለ፤ ክርክር ካለበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ያስፈልጋል። የሴትዮዋ ክርክር ጥሩ ክርክር ነበር። ለሠራተኞቿ የምታበላው ምሳ ጭምር እንደ ሽያጭ ተቆጥሮባታል። ማስረጃም ነበራት። ቀኑ ግን አለፈ። ቅርብ ያለ ባለሙያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤ በመጣ ሰዓት አንብቦ፣ ቀኑን ክብ አድርጎ፣ «እማማ፣ ይህ ነገር እስከ ወሩ 12 ነው» የሚል ሰው።

ክፍያውን ቃል ገብቼ ነበር። ዋጋ አልናገርም፤ ገበያ ነው። አከፋፈሉን ግን ልንገራችሁ። «ካስቀነስኩልህ ላይ ይህን ያህል በመቶ» የሚል ውል አትዋዋሉ። የሱ እንጀራ የናንተን ቁጥር በማሳነስ ላይ ከሆነ ቁጥሩን ያሳንሰዋል፤ ሲመረመር ግን እሱ ቁጭ ብሎ እናንተ ናችሁ የምትቆሙት። በወር የተቆረጠ ክፍያ ይሻላል፤ በውል፣ ምን ምን እንደሚሠራ ተዘርዝሮ።

«በወር ለመክፈል አቅም የለኝም» ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። በአንድ መስመር ያላችሁ አምስት ሱቆች ሆናችሁ አንድ የተመረቀ ልጅ ቅጠሩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ አንድ ቀን ይድረሳችሁ። ልጁ ይጻፍ፣ ይሰር፣ ፎቶ ያንሳ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ደግሞ በሦስት ወር አንዴ መጥቶ የልጁን ሥራ ይይ፣ በሐምሌ ይዝጋ። ለአምስት ሲካፈል ከእቁብ ዕጣችሁ የማይሰማ ብር ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፤ የአምስቱ ሱቅ ደብተር አምስት ይሁን። ልጁ የአንዱን ሽያጭ ለሌላው እንዳያወራ መጀመሪያውኑ አስጠንቅቁት። ይህን የማያከብር ከሆነ በሳምንቱ አሰናብቱት።

የብረት ሠራተኛውን ነገር ሳልጨርስ ብወርድ ትጠይቁኛላችሁ። የቀረውን ደረሰኝ ቆጥረን፣ ከሁለት ሻጮች ኮፒ ለምነን፣ ጥቅምት 30 ከሰዓት በኋላ አሳወቅን። ከሚገባው በላይ ከፈለ። በኅዳር ወር አንዲት የአካውንቲንግ ምሩቅ ቀጠረ፤ የእህቱ ልጅ ናት። አሁን የደረሰኙ ማስቀመጫ ክላሰር ነው፤ በየወሩ አንድ። ጆንያውን ለምን እንዳዋለው ስጠይቀው «ከሰል ያዝኩበት» አለኝ።

አሁን ሰኔ ነው። ሰኔ 30 ማታ ሱቃችሁን ስትዘጉ ያለውን ዕቃ ቁጠሩ፤ በጣት እያመለከታችሁ፣ አንድ በአንድ፣ በወረቀት። ከሥሩ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙበት፤ የቆጠረውም ሰው ይፈርም። ሐምሌ 1 ቀን ያቺን ወረቀት ይዛችሁ ባለሙያ ፈልጉ።  ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። «እንዴት ላስቀንስ?» የሚል ካለ ግን ሻይ ቤቱ ገና አልተዘጋም።